ልጅነት ቀጠሮ አይቀበልም፦ «መጀመሪያ ሀብት፣ ከዚያ የልጆች መብት» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ሰው ሁሉ የሚቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔም አራት ሰዎች ልከውልኛል፤ ሁለቱ «በስንት ጊዜ አንድ እውነት የሚናገር ሰው ተገኘ» ብለው ጨምረውበታል። ጽሑፉ ድሃ አገሮች ስለ ልጆች መብት ማውራቱን ለጊዜው ትተው ሀብት ማፍራት ላይ ይበርቱ ብሎ ይከራከራል። ጸሐፊው ለድሃ ልጅ ክፉ የሚመኙ ሰው እንዳልሆኑ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ካነሷቸው ነገሮች እውነት የሆኑም አሉ፤ በየቦታቸው አምናለሁ። መደምደሚያቸው ግን ስሕተት ነው። በዚህ ሐሳብ የሚመራ ባለሥልጣን ወይም ለጋሽ ነገ በጀት ሲቆርጥ የሚጎዳው ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ስለሆነ፣ ስሕተቱን እንደ ዋዛ ማለፍ አልቻልኩም።

ጸሐፊው ራሳቸው «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» እንዲሉ አድርጌ ሐሳባቸውን ላስቀምጥ። የልጆች መብት አገር ከበለጸገ በኋላ የሚደረስበት ነገር ነው፤ ኢኮኖሚው ካደገ የልጆች ኑሮ ተከትሎ ይሻሻላል። ድሃ ቤተሰብ ያለ ልጆቹ ጉልበት አይኖርምና የልጆችን ሥራ መከልከል ረሃብ መጨመር ነው። መብት የሚባለው ነገር ከምዕራቡ ዓለም የተጫነ ነው፤ ልጅን ባለጌ፣ ወላጅን አቅመ ቢስ ያደርጋል። ለድሃ ወላጅ ገንዘብ መስጠት ብክነት ስለሆነ ልጁን ወስዶ በጥሩ ማሳደጊያ ማኖር ይሻላል። በመጨረሻም ሕግ ወረቀት ነው፤ ያለዕድሜ ጋብቻን አዋጅ አላስቀረውም። እነዚህን አምስት ነጥቦች በተራ አነሣለሁ። የመጀመሪያው የሌሎቹ ሁሉ ሥር ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እቆያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«መጀመሪያ ዕድገት» የሚለው ክርክር ልጁ ቆሞ ይጠብቃል ብሎ ያምናል። እኔ የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት በነርስነት፣ በሕፃናት ክፍል ነው። ልጅ እንደማይጠብቅ የተማርኩት ከአንዲት ቀጭን የፕላስቲክ ጥብጣብ ነው። የክንድ ዙሪያ መለኪያ እንላታለን። የልጁን ግራ ክንድ ይዛችሁ በትከሻውና በክርኑ መካከል ያለውን ቦታ ታገኛላችሁ፤ ጥብጣቧን ሳታጠብቁ ሳታላሉ ታዞሯታላችሁ፤ በመስኮቷ በኩል ቁጥሩ ይታያል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ አረንጓዴ፣ ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከ11.5 በታች ቀይ ነው። አውራ ጣታችሁንና ሌባ ጣታችሁን አጋጥማችሁ ቀለበት ብትሠሩ፣ ቀይ ላይ ያለ ልጅ ክንድ ከዚያ ቀለበት ያንሳል።

አንድ ቀን አንዲት እናት የአሥራ አራት ወር ወንድ ልጇን ሳል ይዞታል ብላ አመጣችው። እጅጌውን ጠቅልዬ ስለካው 11.2 ሆነ። እሷ ሳሉን እንጂ ክንዱን አላሰበችውም፤ ሰፈሯ ያሉ ልጆች ሁሉ እንደዚያው ነበሩና ቅጥነቱ አልታያትም። ከለውዝና ከወተት ዱቄት የሚሠራውን ፕላምፒ ነት ከከረጢቱ ጥግ ጨምቄ በጣቷ እንድታቀምሰው ሰጠኋት። መጀመሪያ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ጣቷን በሁለት እጁ ያዘና አልለቅም አለ። እንዲህ ሲበላ ስናይ ደስ ይለናል፤ ሌላ ከባድ ሕመም ከሌለበት አልጋ ሳይዝ ቤቱ ሆኖ መታከም ይችላል ማለት ነው። ከሁለት ወር በኋላ ጥብጣቧ 12.6 አሳየች። ክብደቱ ተመለሰ፤ ቁመቱ ግን ከእኩዮቹ በታች እንደሆነ ቀረ። መቀንጨር የምንለው ይህን ነው። ክብደት በሳምንታት ይመለሳል፤ በማኅፀንና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ያመለጠ ቁመትና የአእምሮ ግንባታ ግን በአብዛኛው አይመለስም። ኢኮኖሚ በዓመት 7 በመቶ ቢያድግ በአሥር ዓመት እጥፍ ይሆናል፤ ይህ ትልቅ ስኬት ነው። የዚያ ልጅ ሁለት ዓመት ግን በመሀል አልፏል፤ በእጥፉ ኢኮኖሚ ውስጥ የሚቀጠረው በጎደለ አካልና አእምሮ ነው።

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ እንዳይመስል አንድ ጥናት ልጥቀስ። በ1986 እና 1987 በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን ድሃ ሰፈሮች 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ተመዘገቡ። ለከፊሎቹ የጤና ረዳቶች በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ያህል ቤታቸው እየሄዱ እናትየዋ ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወትና እንደምታወራው ያሳዩ ነበር። መጫወቻዎቹ ቤት ውስጥ ከሚገኝ ነገር የተሠሩ ነበሩ። ጉብኝቱ ለሁለት ዓመት ቆይቶ አበቃ። ከሃያ ዓመት በኋላ ልጆቹ ጎልምሰው ሥራ ሲይዙ፣ ያ ጉብኝት የደረሳቸው ካልደረሳቸው 25 በመቶ የሚበልጥ ገቢ ነበራቸው። ጸሐፊው የሚመኙት ሀብት ማለት እኮ የብዙ ሰዎች ገቢ ድምር ነው። የልጅ እንክብካቤን ከሀብት በኋላ የሚመጣ አድርጎ ማስቀመጥ ዘሩን ከአዝመራው በኋላ እዘራለሁ እንደማለት ነው።

ጸሐፊው ደቡብ ኮሪያን ለምስክርነት ይጠራሉ፤ ሠርታ ከበለጸገች በኋላ ልጆቿን አስተማረች ይላሉ። ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነበር። በ1960 አካባቢ ደቡብ ኮሪያ ከዓለም ድሆች ተርታ ነበረች፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ግን ያኔውኑ ሁሉንም ልጅ ለማዳረስ ተቃርቦ ነበር። ፋብሪካዎቹ በብዛት የመጡት ማንበብ የሚችል ሠራተኛ ከደረሰ ወዲህ ነው።

ሀብት ብቻውን ለልጅ ምን እንደሚያደርግ ማየት የሚሻ ደግሞ ኢኳቶሪያል ጊኒን ይመልከት። በ1990ዎቹ ነዳጅ ማውጣት ከጀመረች ወዲህ በነፍስ ወከፍ ገቢ ከአፍሪካ ቀዳሚዎቹ አንዷ ሆናለች። ሩዋንዳ በገቢ አጠገቧ አትደርስም። ሆኖም አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ልጆች ከሺህ ሲሰሉ የኢኳቶሪያል ጊኒው ቁጥር ከሩዋንዳ በብዙ ይበልጣል። ሩዋንዳ በየመንደሩ የጤና ሠራተኞች አሰማርታ፣ የማኅበረሰብ ጤና መድን አቋቁማ፣ ክትባትን ከሞላ ጎደል ለሁሉም ልጅ አድርሳ ነው እዚያ የደረሰችው።

ከሁሉም የሚያስገርመኝ ግን ጸሐፊው ራሳቸው ደጋግመው የሚጠሯት ባንግላዴሽ ናት። በ1971 በነፃነቱ ጦርነት ጊዜ ወደ ሕንድ በተሰደዱት ሰዎች ላይ ኮሌራ ሲነሣ፣ ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ በቦንጋኦን ካምፕ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀባቸው። ጨውና ስኳር በውኃ በጥብጠው ቤተሰቦቹ ራሳቸው ለታማሚዎቹ እንዲያጠጡ አደረጉ። ሲሦ ይደርስ የነበረው ሞት ከመቶ አራት እንኳ ወደማይሞላ ቁጥር ወረደ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ ድርጅት ከ1980 እስከ 1990 ድረስ ሴት ሠራተኞቹን ቤት ለቤት እየላከ 12 ሚሊዮን ያህል ቤተሰብ አስተማረ፦ በሦስት ጣት የተቆነጠረ ጨው፣ አንድ እፍኝ ስኳር፣ ግማሽ ሊትር ያህል ውኃ። የአሠራሩን ብልሃት ብዙ ሰው አያውቀውም። ሠራተኛዋ የምትከፈለው በዞረችው ቤት ብዛት አልነበረም። ቆይቶ ተቆጣጣሪ ይመጣና እናቶቹን ይጠይቃል፤ ክፍያዋ የሚወሰነው እናቶቹ ምን ያህል እንዳስታወሱ ታይቶ ነው። በ1990 ከሕንድ የበለጠ ሕፃናት ይሞቱባት የነበረችው ባንግላዴሽ፣ በገቢ ከሕንድ ያነሰች ሆና ሳለ በሃያ ዓመት ውስጥ በልጆች ሕይወት ቀደመቻት። ለጨው፣ ለስኳርና በደንብ ለተማረች አንዲት እናት የበለጸገ ኢኮኖሚ መጠበቅ አላስፈለገም።

ይህን ሁሉ ስል ዕድገት አያስፈልግም ማለቴ እንዳይደለ ግልጽ ላድርግ። ገቢ የሌለው መንግሥት ነርስ መቅጠር አይችልም፤ ለጋሽ ሲሄድ የሚዘጋ ክሊኒክም ብዙ አይቻለሁ። በዚህ ጸሐፊው እውነት አላቸው። የማልቀበለው «ቆይቶ» የሚለውን ቃል ነው።

የልጆች ጉልበት ላይ ያነሡት ክርክር ከሁሉም ጠንካራው ነው፤ አብዛኛው ሰውም ጽሑፉን የወደደው በዚህ ይመስለኛል። የባንግላዴሽ የልብስ ፋብሪካዎች ታሪክ በአጭሩ ይህን ይመስላል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካው ሴናተር ቶም ሃርኪን ልጆች ያመረቱት ዕቃ አሜሪካ እንዳይገባ የሚያግድ ረቂቅ አቀረቡ። ረቂቁ ገና ሳይጸድቅ የፋብሪካ ባለቤቶች ገበያ እናጣለን ብለው ደንግጠው ልጆቹን አባረሩ፤ ዩኒሴፍ ቁጥራቸውን ወደ 50,000 ይገምተዋል። ብዙዎቹ ትምህርት ቤት አልገቡም። ድንጋይ ወደ መፍጨት፣ ጎዳና ላይ ወደ መቸርቸር፣ ጥቂቶቹም ከዚያ ወደከፋ ብዝበዛ ሄዱ። ይህ እውነት ነው። ለልጆች ተቆርቁረናል የሚሉ ሰዎች ሊረሱት የማይገባ እውነት ነው።

ጸሐፊው ግን ታሪኩን 1993 ላይ ያቆሙታል። በጁላይ 1995 የልብስ አምራቾቹ ማኅበር፣ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትና ዩኒሴፍ አንድ ስምምነት ፈረሙ። ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ አዲስ አይቀጠርም፤ በሥራ ላይ ያሉት ትምህርት ቤት ሳይዘጋጅላቸው አይባረሩም፤ ትምህርት ቤት ሲገቡ በወር 300 ታካ ይከፈላቸዋል፤ በልጁ ቦታ ዕድሜው የደረሰ የቤተሰቡ አባል ቅድሚያ አግኝቶ ይቀጠራል። ከ8,000 በላይ ልጆች በዚህ መንገድ ትምህርት ገቡ። 300 ታካ ልጁ ያገኝ የነበረውን ደሞዝ አያክልም ነበር፤ ለተባረሩትም ብዙዎች ስምምነቱ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ቢሆንም ትምህርቱ ሌላ ነው፦ ሕፃኑን ከማሽኑ ስታነሣው ገቢውን በምን እንደምትተካ አስቀድመህ ካላዘጋጀህ ትበድለዋለህ፤ ካዘጋጀህ ግን ይቻላል። ጸሐፊው ከመጀመሪያው ስሕተት ተነሥተው ሁለተኛውን መፍትሔ ጭምር አብረው ጣሉት።

ደግሞም ጸሐፊው የሚቃወሙት ክልከላ እሳቸው በገለጹት መልኩ የለም። ልጅ እናቱን ውኃ ቀድቶ ቢያግዝ፣ ከትምህርት በኋላ ከብት ቢመልስ የሚቀጣ ዓለም አቀፍ ሕግ የለም። የ1973ቱ የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 138 ኢኮኖሚያቸው ላልዳበረ አገሮች የሥራ መነሻ ዕድሜን 14 እንዲያደርጉ፣ ትምህርት የማያስተጓጉል ቀላል ሥራንም ከ12 ዓመት ጀምሮ እንዲፈቅዱ ቦታ ትቶላቸዋል። የ1999ኙ ቁጥር 182 የሚከለክለው የከፋውን ነው፦ ባርነትን፣ ወሲባዊ ብዝበዛን፣ ጤና የሚያጠፋ ሥራን። ይህንን በ2020 የድርጅቱ አባላት ሁሉ፣ 187ቱም አገሮች አጽድቀውታል። የከፋ ሥራ ምን እንደሚመስል የትምባሆ እርሻን ብቻ ላንሣ። ማለዳ ጤዛ ያረጠበውን ቅጠል የሚለቅም ልጅ ኒኮቲኑ በቆዳው በኩል ይገባበታል። ይዞርበታል፣ ያስመልሰዋል፣ ራሱን ያመዋል። አንዲት ሲጋራ ሳያጨስ ተመርዟል። ቦታውን ያልለየ «ሥራ ሰውን አያበላሽም» የሚል አባባል እዚህ አይሠራም።

ቦሊቪያ የጸሐፊውን ሐሳብ በተግባር ሞክራዋለች። በ2014 ልጆች ከ10 ዓመት ጀምሮ በግላቸው፣ ከ12 ጀምሮ ተቀጥረው መሥራት የሚችሉበትን ሕግ አወጣች። በ2017 የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አንቀጾቹን ሻራቸው፤ በ2018 ዕድሜው ወደ 14 ተመለሰ። በዓለም ዙሪያ በ2000 ዓመት 246 ሚሊዮን የነበሩት በጉልበት ብዝበዛ ውስጥ ያሉ ልጆች በ2024 ወደ 138 ሚሊዮን ወርደዋል። ይህ የሆነው ብዙዎቹ አገሮች ገና ሀብታም ሳይሆኑ ነው። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ግን ቁጥሩ 87 ሚሊዮን ገደማ ላይ ቆሟል፤ እዚያ የተሠራው በቂ እንዳይደለ አምናለሁ።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልለፍ። መብት የምዕራባውያን ዕቃ ነው ለሚለው ብዙ መከራከር አያስፈልግም፤ የሆነውን መናገር ይበቃል። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ይውጣ ብላ በ1978 ሐሳቡን ያቀረበችው ፖላንድ ናት። ኮንቬንሽኑ በ1989 ሲወጣ ቀድማ ያጸደቀችው አገር ጋና ናት፤ በፌብሩዋሪ 1990። እስከ ዛሬ ያላጸደቀችው ብቸኛዋ የተባበሩት መንግሥታት አባል ደግሞ አሜሪካ ናት። አፍሪካውያን በጁላይ 1990 አዲስ አበባ ላይ የራሳቸውን ቻርተር ጽፈዋል። ጸሐፊው መብት ግዴታን ያስረሳል ሲሉ የዚህን ቻርተር አንቀጽ 31 አላነበቡም ማለት ነው፦ ልጅ ለቤተሰቡ አንድነት የመሥራት፣ ወላጆቹንና ታላላቆቹን የማክበር፣ በችግራቸው ጊዜ የመርዳት ኃላፊነት እንዳለበት በግልጽ ተጽፏል። ኮንቬንሽኑም ቢሆን በአንቀጽ 5 እና 18 ልጅን የመምራት ኃላፊነት የወላጅ መሆኑን ይናገራል፤ መንግሥት ወላጅን እንዲያግዝ ያዛል።

ጸሐፊው «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለውን ተረት ጠቅሰው ልጅን መስማት ከንቱ ነው ይላሉ። ተረቱ ልጅ የአዋቂን ሥራ ሊወጣ አይችልም ይላል። እንግዲያው ከዚህ በላይ በሁለተኛው ነጥብ የአዋቂን ሥራ ለምን ጫኑበት? በሕፃናት ክፍል የሠራ ሰው ልጅን መስማት ለምን እንደሚያስፈልግ ያውቃል። የስድስት ዓመት ልጅ «እዚህ ጋ ያመኛል» ብሎ በጣቱ ያሳየውን እናቱ ሆድ ቁርጠት ነው ብላ ስታልፈው፣ ትርፍ አንጀቱ ሊፈነዳ ሰዓታት ሲቀሩት የደረሰ ልጅ አስተናግጃለሁ። መስማት ማለት እሺ ማለት ብቻ አይደለም። ልጁ የተናገረውን ከሚወሰነው ነገር ውስጥ ማስገባት ነው። ስለ ግርፋት አንድ ነገር ልመን፦ ልጆቻቸውን የሚቀጡ ወላጆች አብዛኞቹ የሚወዷቸው ናቸው፤ እነሱን እንደ ወንጀለኛ የሚያይ ዘመቻ ጆሯቸውን ያስደፍናል። ይህን ዓይነቱን ዘመቻ እኔም አልወደውም።

ማሳደጊያ የሚለውን ሐሳብ ሳነብ ግን አዘንኩ፤ ምክንያቱም ውጤቱ ተሞክሮ ታይቷል። በሩማኒያ ዋና ከተማ በቡካሬስት ከ2000 ጀምሮ ከስድስት ማሳደጊያዎች የተውጣጡ 136 ሕፃናት በዕጣ ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ወደ አደራ ቤተሰብ ሄዱ፣ ግማሾቹ ባሉበት ቀሩ። ቤተሰብ ያገኙት በማሰብ ችሎታም በስሜታቸውም በአንጎላቸው እንቅስቃሴም ቀደሙ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት ደግሞ ከሁሉም የተሻሉ ሆኑ። ማሳደጊያዎቹ ውስጥ ምግብና አልጋ ነበር። የጎደለው ሕፃኑ ሲያለቅስ ሁልጊዜ የሚመጣው ያው አንድ ሰው ነው። በካምቦዲያም ከ2005 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት የማሳደጊያዎች ቁጥር 75 በመቶ ሲያድግ፣ ውስጣቸው ካሉት ልጆች ሦስት አራተኛ ያህሉ ቢያንስ አንድ በሕይወት ያለ ወላጅ ነበራቸው። ልጆቹን እዚያ ያስገባቸው ድህነት ነው፤ ማሳደጊያዎቹን ያበዛቸው ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ። በጦርነት ወይም በጎርፍ ማግስት፣ ወይም ቤቱ ውስጥ የሚደበድበው ሰው ላለ ልጅ ጊዜያዊ መጠለያ ያስፈልጋል፤ ይህን አልክድም።

ገንዘቡ ይባክናል የሚለውንስ? ሜክሲኮ በ1997 ፕሮግሬሳ የተባለውን ፕሮግራም ስትጀምር ልጁ ትምህርት ቤት እስከሄደና ጤና ጣቢያ እስከታየ ድረስ ለእናቶች በቀጥታ ገንዘብ ሰጠች። 506 መንደሮች ተመርጠው 320ው አስቀድመው ጀመሩ፣ የቀሩት ተራ ጠበቁ፤ ልዩነቱም በሁለተኛ ደረጃ በተለይ በሴት ልጆች ምዝገባ ላይ ጎልቶ ታየ። የብራዚሉ ቦልሳ ፋሚሊያ በ2003 ሲጀመር ሰነፍ ያፈራል ተብሎ ነበር፤ ለአሥራ ሁለት ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ቤተሰብ ደርሶ ወጪው ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት ግማሽ በመቶ አካባቢ ነበር። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች በ2014 ከሦስት አህጉራት የተሰበሰቡ ጥናቶችን አገላብጠው፣ ድሆች የሚሰጣቸውን ገንዘብ ለመጠጥና ለትምባሆ ያውሉታል የሚለው ወሬ መሠረት እንደሌለው አሳይተዋል።

የቀረው የሕጉ ነገር ነው። ሕግ ብቻውን ያለዕድሜ ጋብቻን አያስቀርም፤ ጸሐፊው እዚህ ላይ ትክክል ናቸው። ሕንድ በ1929 ሕግ አወጣች፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሕፃናት ተዳሩ። በ2005 እና 2006 በተደረገው ብሔራዊ የጤና ጥናት ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉ ሴቶች 47 በመቶው 18 ሳይሞላቸው ያገቡ ነበሩ። ከ2019 እስከ 2021 በተደረገው ግን 23 በመቶ። በመሀል የሆኑት ነገሮች ብዙ ናቸው፤ አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። የቢሃር ክልል በ2006 ዘጠነኛ ክፍል ለሚገቡ ሴት ልጆች ብስክሌት መስጠት ጀመረ። ወላጅ ልጁን ከትምህርት የሚያስቀረው ከክፋት ሳይሆን መንገዱ ረጅምና አስፈሪ ስለሆነበት ነው ከሚል ግምት የተነሣ ሥራ ነው። የሴት ልጆች ምዝገባ 32 በመቶ ጨመረ፤ ጭማሪው ጎልቶ የታየው ትምህርት ቤቱ ሩቅ በሆነባቸው መንደሮች ነው። ትምህርት ቤት ያለች ልጅ ቶሎ አትዳርም። ሕጉ ከብስክሌቱ ጋር ሲሄድ ይሠራል። ብስክሌቱም ያለ ሕጉ ብዙ አይሄድም፤ መንገድ ላይ የሚጠልፋት ሰው ሲመጣ የምትጮኸው ሕግ ፊት ነውና።

ሕግን ወረቀት የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ወረቀት ሲጎድል ነው። በዓለም ላይ ልደታቸው ያልተመዘገበ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች 150 ሚሊዮን ይሆናሉ። አንድ ጊዜ መምህሯ ጋብቻ ሊያስቆሙላት የጠቆሙላት ልጅ ወደምሠራበት ሆስፒታል ተላከች። ቤተሰቡ 18 ሞልቷታል ይላሉ፤ መምህሯ አሥራ አራት ይላሉ፤ የልደት ምስክር ወረቀት የለም። ፍርድ ቤቱ ዕድሜዋን ገምታችሁ ላኩልን አለን። የእጇ አንጓ ኤክስሬይ ተነሣ። ከአጥንት ዕድሜ መገመት ወዲህም ወዲያም እስከ ሁለት ዓመት ሊስት ይችላል፤ ሐኪሙም የሚያውቀውን ያህል ጻፈ፦ ከ15 እስከ 18። ያ ቁጥር ለሁለቱም ወገን ያገለግላል። ልጅቷ ኤክስሬዩ እስኪደርስ አጠገቤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ያናገረችኝ አንዴ ብቻ ነው። ፊልሙን ይዛው መሄድ ትችል እንደሆነ ጠየቀችኝ።